ግማሹን የሠራው ፈረሰኛ

ባለፈው መስከረም ለለቅሶ ንፋስ መውጫ ሄጄ ነበር። ከሚኒባስ እንደወረድኩ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ ጥግ ተጠለልኩ። ከጎኔ የጋሪ ፈረስ ቆሟል። ጀርባው ላይ የተጣለው ድሪቶ ርሶ፣ ከሥሩ እንፋሎት እየወጣ፣ ያ የፈረስ ላብና የራሰ ሱፍ ሽታ ቀጥ ብሎ አፍንጫዬ ገባ። እኔም እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አንድ የባጃጅ ልጅ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው» እያለ ቢለምነኝ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈረስ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ሰው ሁሉ ፈረስ የምፈራ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። እኔ አርብ ገበያ ተማሪ ቤት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በኛ አገር ያን ጊዜ ሴት ልጅ ተማሪ ቤት መላክ እብደት ነበር። አባቴም ወዶ አልላከኝም፤ የኔታ ገላው አፋጥጠውት ነው። «ሀሁ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብለው ጠየቁት፤ መልስ ሲያጣ «እንግዲያው ለሁለቱም ነው» ብለው ዘጉት።

የኔታ ገላው የእናቴ አጎት ናቸው። የጊዮርጊስ መሪጌታና የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በጎልማሳነታቸው ጠፍተዋል። ቤተ ዘመዱም ተማሪውም «የኔታ» ነው የሚላቸው። አባቴ እንኳ፣ ማንንም የማይፈራው አባቴ፣ ስማቸውን በባዶው አይጠራም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አስተማሪያችን አቶ ወንድሙ አንድ መጽሐፍ አዋሰኝ። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያ ገጾቹም የሉም። ከፈረንጅ አገር ታሪክ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነበር፤ ባለ ነጭ ጋሻ የሚባል አንድ ፈረሰኛ አገር ላገር እየዞረ፣ የተበደለ እየፈለገ የሚያድንበት መጽሐፍ። አቶ ወንድሙ «ንባብ ይልመድሽ» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ የማነብበት ቤት የለኝም፤ ከተማሪ ቤት ስመለስ በየኔታ ጎጆ በኩል እያለፍኩ ለሳቸው አነብላቸው ጀመር።

እስከዚያ ድረስ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማሁት መጽሐፍ ተአምረ ማርያም ብቻ ነው። እሱ ሲነበብ ሰው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ እኔም ቆምኩ። መጽሐፉንም ከመክፈቴ በፊት ተሳለምኩት።

«ምንድን ነው የሳምሽው?» አሉ የኔታ።

«መጽሐፉን ነዋ።»

«ገድል ነው?»

«እንጃ የኔታ። ፈረሰኛ ነው።»

«ጊዮርጊስም ፈረሰኛ ነው» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። «እስቲ በይ።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ባለ ነጭ ጋሻው ዘንዶ በጦር ሲወጋ እኔ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የኔታ ግን ጭራቸውን እያወዛወዙ «ታዲያ ዘንዶ በጦር ካልተወጋ በምን ሊወጋ ኖሯል? ቀጥዪ» ይላሉ። ፈረሱ ባሕር በአንድ ዝላይ ሲሻገር «ይሆናል» ይላሉ። ፈረሰኛው በሰይፍ ተቆራርጦ ሞቶ በማግስቱ ሲነሣ፣ አሁንስ ይገርማቸዋል ብዬ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የለም እንዴ?» አሉኝ። «ይኸኛው ገና አንዴ ነው የሞተው። ጀማሪ ነው።»

የሚያስቸግራቸው ሌላ ነገር ነበር። ፈረሰኛው ቤቱን ከለቀቀ ሦስት ዓመት ሆነው የሚል ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዞር እርሻውን ማን ያርስለታል?»

«አይልም የኔታ።»

«ለፈረሱስ ገብስ ከየት ያመጣል? ፈረስ ገብስ ካልቀመሰ ቁልቁለት አይወርድም።»

«አይልም።»

«የንስሐ አባት አለው?»

«እሱንም አይልም።»

«አይ መጽሐፍ! ዋና ዋናውን ሁሉ ትቶታል።»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አቶ ወንድሙን «ገብሱን ከየት ያመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጆቹ ሳቁ፤ አቶ ወንድሙም ሳቀ። «አስካል፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው። ሆኖ አያውቅም» አለኝ። «ውሸት ነው ማለት ነው?» አልኩት። «አይ፣ ውሸት አይደለም።» «እንግዲያው እውነት ነው?» «እውነትም አይደለም።» እኔ ከዚያ በፊት ውሸትም እውነትም ያልሆነ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ዘንዶን የኔታ ይሆናል ይላሉ፣ አስተማሪው አይሆንም ይላል፤ ሁለቱም የተማሩ ናቸው። ራሴን እስኪያመኝ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ለየኔታ ፈረድኩ፤ ምክንያቱም አቶ ወንድሙ ከእኔ አባት ያነሰ ልጅ ነው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ገብስ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲከመር፣ ልዕልቷ ጋ ደረስን። አንድ ክፉ መኰንን ከድንጋይ በተሠራ ግንብ ውስጥ ዘግቶባታል። ባለ ነጭ ጋሻው በሩን ሰብሮ ገባ፣ አውጥቶ ከፊቱ ፈረስ ላይ አስቀመጣት፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ጋለበ፣ አባቷ ደጅ ላይ አወረዳት፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ምንም ሳይጠይቅ ሄደ። አባቷም በደስታ አለቀሰ፤ ከእንግዲህ ከፈቃድሽ ውጭ ለማንም አልሰጥሽም ብሎ ማለላት። እኔ እንባዬ እየመጣ ነው የማነበው። የየኔታ ጭራ ቀጥ አለ።

«አይሆንም» አሉ።

«ምኑ የኔታ?»

«ይህ አይሆንም።»

«ዘንዶው ሆኖ?»

«ዘንዶው ይሆናል።»

«የሞተውስ?»

«ይሆናል አልኩሽ።»

«ታዲያ ይህ ምን ይከብዳል? ሰው በፈረስ አባቷ ቤት ማድረስ ነው!»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ አስካል! ዝጊው። ለዛሬ ይበቃናል።»

አኮረፍኩ። የኔታ ተቆጥተውኝ አያውቁም። እየሄድኩ ሳስበው፣ ሰውዬው ሸምግለዋል፣ ነገር ተምታቶባቸዋል አልኩ። ሙት ሲነሣ ያልደነቀው ሰው፣ ባለፈረስ መንገደኛ ሲያደርስ እንዴት ይደንቀዋል?

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በእህቴ በማሪቱ ምክንያት ነው። ማሪቱ ሃያ ዓመቷ ነበር። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አጠገብ ተድራ ሁለት ዓመት ከኖረች በኋላ መስከረም ላይ ባሏን ጥላ መጣች። ምን እንደሆነች አትናገርም። «አልሆነልኝም» ነው የምትለው፣ በቃ። የባሏ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። አባቴ ፊታቸውን ማየት አፍሮ «ጥምቀት ይለፍ እንጂ በእጄ ይዤ እመልሳታለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሪቱ ጥጥ ስትፈትል ውላ እንባዋ እንዝርቱ ላይ ሲወርድ አየዋለሁ። ደግሞ አልቅሳ ስታበቃ ትስቃለች። ረጅም ናት፣ ሳቋ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት፤ ስትሠራኝ አናቴን እየኮረኮመች «አንቺ መጽሐፍ የበላሽ!» ትለኛለች።

የልዕልቷን ታሪክ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ሴትዮዋስ ምን አለች?» አለችኝ።

«ምን ትላለች?»

«ግንቡ ውስጥ ሆና፣ ፈረሱ ላይ ሆና። ሦስት ቀን ሙሉ።»

ገልጬ አየሁ። «ምንም አትልም።»

«ውይ! እንዴት አስቻላት እቴ!» ብላ ከትከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ውስጤ የተሠራው ሌላ ነው። አባቴ ሊሰጣት ነው፤ ፈረሰኛ ከወሰዳትና መልሶ ካመጣት ግን አባቴ በደስታ አልቅሶ ይምራታል። መጽሐፉ ላይ እንዲያ ነው የተጻፈው። የሚጎድለው ፈረሰኛው ብቻ ነው።

እሱም መጣ። ታኅሣሥ ሲያልቅ ጎረምሶቹ ለጥምቀት ጉግስ ለመለማመድ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ፈረስ ያስሮጣሉ። ከመካከላቸው አንድ አስረስ የሚባል ነበር፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ስማዳ አፋፍ ላይ ነው፣ አክስቱን አውድማ ሊያግዝ የመጣ። ፈረሱ አምባላይ፣ እንደ ወተት የነጣ። ጋሻ አንግቶ ሲጋልብ እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጭድ ከብዷቸው መንገድ ዳር ሲያርፉ አየና ከፈረሱ ወርዶ ጭነታቸውን ጫነላቸው፣ ቤታቸው ድረስም በእግሩ እየሳበ አደረሰላቸው። ምንም አልጠየቀም! በዓይኔ ነው ያየሁት። ይኸው፣ አይሆንም የተባለው ሆነ። ወደ የኔታ ሮጬ ልነግራቸው ፈለግሁና፣ ገና ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም ነበር፣ ተውኩት። ያኔ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ!

በማግስቱ ፈረሱን ሲያቀዘቅዝ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ያ ሽታ ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

«አያ አስረስ።»

«ወይ።»

«እህቴን አባዬ ከጥምቀት በኋላ ሊሰዳት ነው። እያለቀሰች ነው የምትውለው። በፈረስህ አትወስድልኝም?»

ልጓሙን እንደያዘ አየኝ። «እህትሽ ማን ናት?»

«ማሪቱ።»

«ያቺ ሳቂታዋ?» ወደ ቤታችን በኩል ዞር ብሎ አየ፤ ጆሮው ቀላ። «ትሰጭኛለሽ?»

«እሰጥሃለሁ!»

ሳቀ። ደግ ሳቅ ነበር የሚስቀው፣ እስከ ዛሬ የሚያምታታኝ እሱ ነው። «ብቻዋን የት ትገኛለች?»

«ቅዳሜ ልብስ ልናጥብ ወንዝ እንወርዳለን። እኔና እሷ ብቻ ነን።»

ከኪሱ አንድ እፍኝ ሽምብራ ቆሎ ሰጠኝ። ከወሰድካት በኋላ ወደ ቤት ትመልሳታለህ አላልኩትም። ምን አስባላኝ? እሱን ማን የማያውቅ አለ?

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ቅዳሜ ዕለት የቤቱን ሁሉ ነጠላና ጋቢ ተሸክመን ወረድን። ማሪቱ እንዶዱን ወቅጣ አረፋውን ስታነሣው ወንዙ ዳር ነጭ በነጭ ሆነ። ቀሚሷን ሰብስባ ጋቢውን በእግሯ እየረገጠች ታንጎራጉራለች። የፈረስ ኮቴ ስሰማ ብድግ አልኩ። አስረስ ከሁለት እግረኛ ጓደኞቹ ጋር መጣ። ማሪቱ ቀና ስትል ፊቷ ተለወጠ።

«አስካል፣ ሩጪ!» አለችኝ።

እኔ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። «አትፍሪ! ወደ ቤት ነው የሚወስድሽ!» እያልኩ እጮሃለሁ። አንደኛውን በራሰ ጋቢ ፊቱን አጮለችው። ጮኸች፣ ነከሰች፣ ተንፈራገጠች። ልዕልቷ እንዲህ አላደረገችም፤ ፈረስ አልለመደችም፣ ፈርታ ነው አልኩ። ለሦስት አንሥተው ጫኗትና ፈረሱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ማዶ አቀበቱን ያዘ። ወደኛ ቤት አልነበረም። ዙሪያውን ሊሄድ ነው አልኩ፤ ባለ ነጭ ጋሻውም ሦስት ቀን ዞሯል።

ልብሱን ጨመቅሁ፣ ተሸከምኩ፣ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ማንም ሳያየኝ መጥረጊያ አንሥቼ ደጁን ጠረግሁት፤ እንግዳ ይመጣ የለ? እናቴ ከገብሱ ቀና ብላ «ማሪቱስ?» አለች።

«በፈረስ እየመጣች ነው።»

«የምን ፈረስ?»

«የአያ አስረስ።»

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። እናቴ እንደዚያ ስትጮህ ያን ጊዜ ነው የሰማኋት፤ እንደዚያ ስትጮህ ዳግመኛ አልሰማኋትም። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፣ አጎቶቼ አንቀው ያዙት፤ ጎረቤቱ ተንጋግቶ ወንዝ ወርዶ ባዶውን ተመለሰ። እኔ የጠረግሁት ደጅ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። በመካከሉ አንድ ሰው «ጠለፏት እኮ!» ሲል ሰማሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ተጠልፋ ነበር። ግን እሷን የጠለፏት ክፉዎች ናቸው፣ ይህኛው ባለ ነጭ ፈረስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ።

የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው መከሩ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ሦስት ቀን ሲያልፍ የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ደጅ ይቆማሉ፣ አባት «አውርዱ» ይላል፣ ይታረቃል፣ እሷም ሚስት ሆና ትቀራለች። አንደኛው ሽማግሌ «ፈት ናት፤ ያኛውስ ምን ተሻላት? ይኼኛው ፈረስ አለው» አለ። አባቴ «አንድም ደሙን አፈስሳለሁ፣ አንድም እሷን ልጄ አልላትም» ብሎ ማለ። አንደኛው መንገድ ሬሳ፣ ሌላኛው ማሪቱ ማዶ መቅረቷ ነው። ወደ ቤት የምትመጣበት ሦስተኛ መንገድ ማንም አላነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ጎጆ ሄድኩ። ተማሪዎቹን ለጥምቀት ማኅሌት ሲያስጠኑ ነበር፤ እስኪወጡ ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽምብራውን ጭምር። ተንሰቅስቄ ነው የነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ምን ብዬሽ ነበር?» አሉኝ።

«አይሆንም ብለው ነበር።»

«ብያለሁ። ለምን እንደማይሆን ግን አልነገርኩሽም። ልጅ ናት ብዬ አፈርኩ።» ጭራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «በጦርና በፈረስ የመጣ ሰው፣ ሴት ከመንገድ አንሥቶ ሳይነካ አባቷ ቤት ሲመልስ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልሰማሁም። ለዚህ ነው ያልኩት። ይህን ብነግርሽ ኖሮ አፍሽን ትይዢ ነበር። ከጥፋቱ ለኔም ድርሻ አለኝ። በይ፣ በቅሎዋን ጫኚ።»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ማዶ።»

ቄሶቹ ሰምተው መጡ። «የኔታ፣ ከነገ ወዲያ ታቦት ይወጣል፣ ማኅሌቱን ማን ሊመራ ነው?» አሉ። «ታቦት ሰው አያጣም» አሏቸው። አባቴም ደረሰ። ሊያደርጉ ያሰቡትን ሲነግሩት ጮኸ፦ «ተበዳዩ እኛ! የኛ ሰው ድንጋይ ይሸከማል? እንዲህ ያለ ውርደት በየትም አገር አልተደረገም!»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አልተደረገም» አሉት። «አንተ በጠመንጃ ብትሄድ የምታመጣው ሬሳ ነው። ሁለት ቀን ስጠኝ።» እናቴ አባቴን ክንዱን ይዛ አየችው፤ እሱም መሬት አየ። ማን ይምራቸው ሲባል የኔታ «የተናገረው አፍ ይምጣ» አሉ።

እኔ በቅሎዋን እየሳብኩ ቁልቁለቱን ወረድን፣ ወንዙን ተሻገርን። እንዶዱ የቀረበት ድንጋይ ገና ነጭ ነበር። በመንገዱ ሁሉ ዳዊት ይደግማሉ። ስማዳ አፋፍ ላይ ስንወጣ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። የአስረስን ቤት ጠይቀን ደጁ ስንደርስ ከበቅሎ ወረዱና «ድንጋይ ፈልጊልኝ» አሉኝ። እንዳይከብዳቸው ትንሽ አመጣሁ። በእጃቸው መዘኑት። «ይህ የልጅ ነው። የሰው አምጪ።» እያንከባለልኩ ያመጣሁትን ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ ጎንበስ ብለው ማጅራታቸው ላይ አስጫኑኝና ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆሙ።

ውሻ ጮኸ፣ ሰው ወጣ። መጀመሪያ የወጡት የአስረስ እናት ናቸው። ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ የኔታ! በማርያም ያውርዱት! ድንጋይ መሸከሙ የኛ ነው! ልንመጣ እኮ ነበር!»

«እናንተ የምትመጡት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው» አሉ። «እኔ ሳያልቅ መጣሁ። ማሪቱ በዚህ በር ትውጣ፤ ልቅር ወይስ ልሂድ፣ በአፏ ትናገር። እስከዚያ አላወርድም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም!»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ቆሙ።

የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ለምሳ የቀረበ እንጀራ አልተቆረሰም፤ ድንጋይ የተሸከመ ካህን ደጅ ቆሞ ማን ይጎርሳል? ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል፣ ጉልበታቸው ይርዳል። ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ ጋቢያቸውን ያዝኩ፤ «ልቀቂ» አሉኝ። በመጨረሻ አስረስ ወጣ። ፊቱ በጥፍር ተቧጥሯል። እያፈረ ነው የሚስቀው።

«የኔታ፣ ፀሐይ ነው፣ ይግቡ እንጂ» አለ። ከዚያ እኔን አየ። «ይቺው አይደለችም እንዴ ራሷ የሰጠችኝ! እህቴን ውሰድልኝ ብላ የለመነችኝ! የት እንደምትገኝ ማን የነገረኝ ይመስላችኋል?»

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ አንዳንዱ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የኔታ ድንጋዩ ሥር እንደጎበጡ መለሱለት።

«ልክ ነው። እሷ የፈለገችው ወስደህ አባቷ ደጅ እንድታወርዳት ነው። ፈረሰኛ እንዲያ የሚያደርግ መስሏት። ግማሹን ሠርተሃል። የቀረው ግማሹ ነው።»

የሚስቀው ሰው ሳቁን አቆመ። አስረስ የተቧጠረ ጉንጩን በእጁ ዳሰሰ። እኔ ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ባልቴቷን የረዳው ሰው ያው ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም።

እናቱ ናቸው የገቡት። ማሪቱን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላዋ የራሷ አልነበረም። ክንዷ ላይ የገመድ ምልክት አለ።

«ማሪቱ ነሽ?» አሉ የኔታ።

«ነኝ የኔታ።»

«ልቅር ነው ልሂድ?»

ወዲያው የምትጮኽ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። ወደ አስረስ አላየችም፣ ወደ የኔታም አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው። የኔታ ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው፣ ለምን አትናገርም እያልኩ በልቤ አለቅሳለሁ። ከዚያ ወርዳ መጣችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራታቸው አነሣችው፤ ወደ ጎን ጣለችው።

«ልሂድ» አለች።

አስረስ ቀስ ብሎ ወጣና ፈረሱን ይዞ መጣ። «በፈረሴ ላድርሳት» አለ። ማሪቱ «እግር አለኝ» አለችው፤ የኔታን ደግፋ በቅሎዋ ላይ አወጣቻቸው። ማንም አልከለከለንም። እናቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በቅሎዋ መንገዱን ይዛ ራሷ ቀደመች፣ እኔና ማሪቱ ኋላ ቀረን። ሽታዋ የፈረስ ሽታ ሆኗል። ምን ልበላት? ይቅርታ አላልኳትም። ወንዙ ድምፁ መሰማት ሲጀምር እሷ ራሷ ጀመረችው።

«አንቺ እንደነገርሽው ገና እንደደረስን አውቄያለሁ። እየሳቀ ለእናቱ ሲያወራ ሰማሁት።»

«ማሪዬ—»

«ዝም በይ፣ ልጨርስ። ልቀር ነበር። ቤት ብመለስ አባባ ለዚያኛው ነው የሚመልሰኝ፤ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር። በሩ ላይ ስወጣ ልቅር ልል ነው የወጣሁት።» ቆም አለች። «አንቺን ሳይ ግን፣ ከቀረሁ ይቺ ልጅ ደግ ነገር የሠራች መስሏት ትኖራለች አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላዋን ትሰጣለች።»

ይህን ብላኝ እጄን ሳትይዘኝ ቀድማኝ ወንዙን ገባች።